ከማኪያቶ ማሽኑ ቡናው ጠብ አልል ሲል፦ ከፓምፑ በፊት ዱቄቱና ውሃው ይመርመሩ

በዱከም ከተማ፣ የኢንዱስትሪ ዞን ሠራተኞች ማለዳ ማለዳ በሚያልፉበት መንገድ ዳር የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ልጃቸው ከአሜሪካ የላከላቸውን አነስተኛ የማኪያቶ ማሽን ከካርቶኑ ካወጡት ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ሐሳባቸው በደጃፋቸው አራት ወንበር ዘርግተው ለአላፊ አግዳሚው ማኪያቶ መሸጥ ነው። ወንበሩ ተገዝቷል፤ ስኒው ተደርድሯል፤ ወተት ከሚያቀርቡላቸው አርሶ አደር ጋርም ተስማምተዋል። ማሽኑ ግን ያጉረመርማል እንጂ ቡናው ጠብ አይልም። ከአንድ ደቂቃ በላይ ተጠብቆ ጠብ ያለውም እንደ ሬት ይመርራል። ማሽኑን ያየው ጠጋኝ ፓምፑ ስለሞተ አዲስ ይገዛ ብሏል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ስለ ወተት ዋጋ ሊጠይቅ ሄዶ የገባበት ጉዳይ ይህ ነበር።

ፓምፑ አልሞተም። ከማሽኑ የሚወርደው ቡና ሲዘገይ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ያለው ከማሽኑ ውጭ፣ በቡናው ዱቄት ላይ ነው። ቀጥሎ የሚጠረጠረው በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ሲሆን፣ ፓምፑና የኤሌክትሪክ ክፍሉ የሚመረመሩት ከእነዚህ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ላልተበላሸ ዕቃ መለዋወጫ ይገዛል።

ነገሩን ለመረዳት የማሽኑን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። ጀበና ቡናውን ከውሃው ጋር ያፈላዋል፤ ጊዜ ወስዶም ያዘቅጠዋል። ማሽኑ ግን የፈላ ለማለት ጥቂት የቀረውን ውሃ በተጠቀጠቀ የቡና ዱቄት ውስጥ በኃይል ያሳልፈዋል። የተለመደው ግፊት 9 ባር ያህል ነው። ይህም 90 ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ የውሃ ታንከር በቧንቧ ወደ ታች ከሚገፋው ኃይል ጋር ይቀራረባል። ሉዊጂ ቤዜራ የተባለው የሚላኖ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ማሽን የሚገፋው በእንፋሎት ስለነበር ግፊቱ አነስተኛ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ወፍራም አረፋ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ አኪሌ ጋጅያ በምሳር የሚጫን ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ ነው። እኛም «ማኪያቶ» የሚለውን ቃል የወሰድነው ከጣሊያንኛ ነው፤ ትርጉሙም «ነጠብጣብ ያለበት» እንደማለት ነው።

ለሁለት ስኒ የተለመደው መነሻ ልክ 18 ግራም ዱቄት፣ 36 ግራም የሚመዝን ቡና፣ ከ25 እስከ 30 ሴኮንድ ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ፓምፑ ድምፅ ማሰማት ከጀመረበት ቅጽበት አንሥቶ ሲሆን የስልክ ሰዓት ይበቃል። ይህ ልክ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። በ35 ሴኮንድ የወረደ ቡና ለጠጪው ከጣፈጠ ማሽኑን መነካካት አያስፈልግም። ከ45 ሴኮንድ አልፎ ገና በጠብታ የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም ጨርሶ ካልወረደ ግን ምርመራ ያሻዋል።

ከምርመራው በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቡናው አልወርድ ሲል አብዛኛው ሰው ወዲያው የሚያደርገው ነገር አደገኛ ነው፤ ዱቄት የሚሞላበትን ባለ እጀታ ዕቃ ከማሽኑ ላይ ያሽከረክርና ይነቅለዋል። ውሃው መውጫ ስላጣ ግፊቱ ገና እዚያው ታምቆ ይገኛል። ዕቃው በተፈታ ቅጽበት የጋለ ውሃና የቡና አተላ ፊትና እጅ ላይ ይፈነዳል። መጀመሪያ ማሽኑ ይጥፋ። ቀጥሎ፣ የማሽኑ መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ፣ የእንፋሎት ቧንቧው ወደ ባዶ ዕቃ ተደግኖ በጥንቃቄ ይከፈት። ከዚያም ማሽኑ እስኪበርድ ጥቂት ደቂቃዎች ይጠበቅ። ሕፃናት በሚሯሯጡበት ቤት ይህ ምክር ከቡናው ጣዕም ሁሉ ይቀድማል።

ማሽኑ ከበረደና ግፊቱ ከወጣ በኋላ የሚሠራው ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም። ባለ እጀታው ዕቃ ይነሣና ማሽኑ ያለ ቡና፣ ውሃ ብቻ እንዲያወርድ ይደረግ። ውሃው በደንብ ከወረደ ፓምፑ ይሠራል ማለት ነው። ቀጥሎ ባዶው ወንፊት በባለ እጀታው ተደርጎ ይገጠምና ይደገም። ያለ ወንፊቱ የወረደው ውሃ በወንፊቱ ካልወረደ፣ የተደፈነው ወንፊቱ ነው። በሁለቱም ወርዶ ቡና ሲጨመር ብቻ ከቆመ ጥፋቱ የዱቄቱ ነው። በዱከሟ እናት ቤት የሆነው ይህ ሦስተኛው ነበር። ውሃው ያለ ቡና ወርዶ የተዘጋጀውን ጆግ ሲሞላ ሴትዮዋ ጠጋኙን አስታውሰው ፈገግ አሉ።

ወንፊትን በተመለከተ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ርካሽ የሆኑ የቤት ማሽኖች ብዙውን ጊዜ ባለ ሁለት ድርብ ወንፊት ይዘው ይመጣሉ። ከላይ ሲያዩት ብዙ ቀዳዳ አለው፤ ከታች ሲገለብጡት ግን መውጫው የመርፌ ጫፍ የምታህል አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት። ማሽኑ በዚህች ጠባብ ቀዳዳ ግፊት ፈጥሮ አረፋ ያወጣል። አንዲት የቡና ቅንጣት ከተሰነቀረባት ግን ሁሉም ይቆማል። ወንፊቱን በፈላ ውሃ ዘፍዝፎ ቀዳዳዋን በቀጭን መርፌ ከታች ወደ ላይ መክፈት በቂ ነው።

ዱቄቱ

የዱከሟ እናት ቡናቸውን የሚያስፈጩት ዘወትር ለጀበና በሚያስፈጩበት ወፍጮ ቤት ነው። ዱቄቱ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ነው። ለጀበና ይህ ነውር የለበትም፤ አተላው ይዘቅጣል፤ ቡናው ከላይ ይቀዳል። ለማሽን ግን ሌላ ነገር ነው።

የአድአ አርሶ አደር ምክንያቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በጥቁሩ መሬት ላይ ክረምቱ ሲጠና ውሃው አይሰርግም፤ ላዩ ላይ ይተኛል። ማሳው ካልተጠነፈፈ ሰብሉ ቢጫ ይሆናል። ወንዝ ዳር ባለው አሸዋማ መሬት ላይ የዘነበው ያው ዝናብ ግን ወዲያው ሰርጎ ይጠፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ዋነኛ ልዩነት የቅንጣቱ መጠን ነው። የጥቁር አፈር ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ከመሆኑም በላይ ሲርስ ያብጣል፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው መንገድም ይጠብባል። የቡና ዱቄትም ሲርስ እንዲሁ ያብጣል። ዲዦን በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ የውሃ መሐንዲስ የነበረው ሄንሪ ዳርሲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1856 ያሳተመው ሕግ፣ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍ ውሃ ፍጥነት በግፊቱ፣ በአሸዋው ንብርብር ውፍረትና በአሸዋው ጠባይ እንደሚወሰን ያስረዳል። በግብርና ኮሌጅ የመስኖ ትምህርት ላይ የሚሰጠው ይህ ሕግ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በማኪያቶ ማሽን ፊት ይጠቅመኛል ብሎ ያሰበው አልነበረም። ከሕጉ ጋር ተያይዞ የሚታወቀው ስሌት ግን ሁሉን ይገልጣል፤ የቅንጣቱ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ የሚያልፈው ውሃ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ስለሆነም በወፍጮው ላይ የምትደረግ ጥቂት ለውጥ በስኒው ውስጥ ትልቅ ልዩነት ታመጣለች።

ለማሽን የሚስማማው ዱቄት በጣት ሲታሽ እንደ ደቃቅ ጨው የሚቆረቁር እንጂ እንደ ዱቄት የሚልም አይደለም። በሙቀጫ የተወቀጠም አይሆንም። ሙቀጫ ግማሹን አልሞ ግማሹን ይከካዋል፤ ደቃቁም በትልልቁ መካከል እየገባ መንገዱን ይደፍናል። የተሻለው መፍትሔ መጠኑ የሚስተካከል የእጅ ወይም የኤሌክትሪክ መፍጫ መያዝ ነው። ይህ ካልተቻለ ወፍጮ ቤቱ ለማሽን መሆኑ ተነግሮት ሻከር አድርጎ እንዲፈጭ ይጠየቅ። መጀመሪያ ሩብ ኪሎ ብቻ ማስፈጨት ይበጃል፤ ካልሆነ የሚከስሩት በጥቂቱ ነው፤ እርሱም ለጀበና ይሆናል።

የራሱ መፍጫ ያለው ሰው ዱቄቱን ሲያሻክር አንድ እርከን ብቻ ይለውጥ። ከለወጠ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያ ዱቄት በመፍጫው ውስጥ የቀረው የቀድሞው ስለሆነ፣ አንድ ሁለት ማንኪያ ተፈጭቶ ለብቻው ይቀመጥ። ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው አሻክሬ ለውጥ አላየሁም ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። በአንድ ጊዜ ዱቄቱንም፣ መጠኑንም፣ ቡናውንም የለወጠ ሰው ደግሞ ቢሳካለት እንኳ የትኛው እንደሠራ አያውቅም።

መጠኑም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ወንፊቱ ከልክ በላይ ከተሞላ ቡናው ሲያብጥ ከላይ ካለው የማሽኑ ወንፊት ጋር ይጣበቃል። ለመፈተን በተጠቀጠቀው ቡና ላይ የታጠበ የአንድ ብር ሳንቲም ይደረግ፤ ባለ እጀታው ይገጠምና ውሃ ሳይለቀቅበት ተመልሶ ይነሣ። ሳንቲሙ ወደ ቡናው ጠልቆ ከተገኘ ቡናው በዝቷል። አጠቃጠቅን በተመለከተ ግን ሰዎች ከሚገባው በላይ ይጨነቃሉ። ዱቄቱ እኩል ተደልድሎ በደንብ ከተጫነ በኋላ ተጨማሪ ጉልበት ብዙም ለውጥ አያመጣም።

የቆላነው ቡናም የራሱ ጠባይ አለው። በአገራችን ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በዚያው ሰዓት ይጠጣል፤ ለጀበና ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። አዲስ የተቆላ ፍሬ ግን በውስጡ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። በማሽን ውስጥ ይህ ጋዝ የሚገባውን ውሃ ይገዳደራል፤ ስኒውንም በአረፋ ይሞላዋል፤ ቡናው አንዴ ሲዘገይ አንዴ ሲፈጥን ልኩ ይጠፋል። ስለዚህ ለማሽን የተቆላ ቡና በተዘጋ ዕቃ አምስት ቀን ያህል ቢያርፍ ይመረጣል። እንግዳ ተቀምጦ ቡና እየተቆላ ጭሱ ለሚሸተትበት ቤት ይህ ምክር ባዕድ መሆኑ አይካድም። እስኪጠቁር የተቆላ ቡና ደግሞ ዘይቱ ይወጣና በላይኛው ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ያ ወንፊት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ብሎን ብቻ ስለሚያዝ በወር አንድ ጊዜ ተፈትቶ በሙቅ ውሃና በዕቃ ሳሙና ቢታጠብ መልካም ነው።

ውሃው

ዱቄቱ ሻከር ሲል በዱከሟ እናት ቤት ቡናው በ28 ሴኮንድ መውረድ ጀመረ። ወንበሮቹም ሰው አገኙ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ማሽኑ እንደገና ዘገየ፤ በዚህ ጊዜ ያለ ቡናም ውሃው እንደ ቀጭን ክር ነበር የሚወርደው። ዱቄቱ ያው ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ ወደ ውስጥ ገብቷል።

መልሱ ምድጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። የማንቆርቆሪያቸው ውስጠኛ ግድግዳ በነጭ ቅርፊት ተሸፍኗል። በዱከምና በአካባቢው ከእሳተ ገሞራ አለት ሥር የሚወጣ የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም አሟሙቶ ይመጣል። ውሃው ሲሞቅ ይህ ማዕድን ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይለወጥና እንደ ኖራ ይጋገራል። በማንቆርቆሪያ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ብዙም አይታይም። በማሽኑ ውስጥ ያለው ቧንቧ ግን ቀጭን ስለሆነ እየጠበበ ይሄድና ይደፈናል። ማንቆርቆሪያዎ በአንድ ወር ውስጥ የሚነጣ ከሆነ ማሽንዎም በውስጡ እንደዚያው እየሆነ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ነገሮችን ያምታታል። በስምጥ ሸለቆው ጥርስን የሚያጎድፈው ፍሎራይድና ማሽን የሚደፍነው ኖራ አንድ አይደሉም። እንዲያውም ከከፍታው ወደ ሸለቆው ወለል በተወረደ ቁጥር በከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ሶዲየምና ፍሎራይድ ይበዛሉ፤ ካልሲየሙ ግን ያንሳል። ማንቆርቆሪያን የማያነጣ ውሃ ከፍሎራይድ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ማፍላትም ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ያጠነክረዋል። ማሽኑን ማጽዳት ለማሽኑ እንጂ ለጥርስ መድኃኒት አይሆንም።

ቅርፊቱን የሚያሟሟው አሲድ ነው። በ1 ሊትር ውሃ 20 ግራም ያህል ለምግብ የሚሆን ሲትሪክ አሲድ ተበጥብጦ በማሽኑ ውሃ መያዣ ይጨመር። ጥቂቱ በቡናው መውጫ፣ ጥቂቱ በእንፋሎቱ ቧንቧ እንዲወርድ ይደረግና ማሽኑ ጠፍቶ ለ15 ደቂቃ ይረፍ፤ ከዚያ የቀረው ይለቀቅ። በመጨረሻም ሁለት መያዣ ሙሉ ንጹሕ ውሃ ይውረድበት። ተፈርፍሮ የወጣ ቅርፊት ላይኛውን ወንፊት ሊደፍነው ስለሚችል ይህ ሥራ ወንፊቱ ተፈትቶ ቢከናወን ይሻላል። ማሞቂያው አሉሚኒየም የሆነ ማሽን በአሲድ ስለሚጎዳ ከተባለው ጊዜ በላይ አይቆይበት። ሲትሪክ አሲድ ያጣ ሰው በአቼቶ ይጠቀማል፤ ይሠራልም፤ ሽታው ግን ቶሎ አይለቅም፤ ለማሽኑ ጎሚኒም አይመከርም። መመሪያው የራሱ ትእዛዝ ካለው እርሱ ይቀድማል።

ቅርፊቱ እንዳይመለስ ውሃውን አፍልቶ፣ አሳድሮና በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ መጠቀም የኖራውን ከፊል በድስቱ ያስቀረዋል። በቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ለስላሳ ቢሆንም የአቧራና የወፍ ኩስ ማጠቢያ ስለሆነ ሳይጣራና ሳይፈላ አይነካ። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ውሃ ግን ማዕድን የለውም ብሎ በማሽን መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ ለመጠጥ የተዘጋጀ አይደለም።

መብራቱ

የአሜሪካ ማሽን የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መስመር 220 ነው። የዱከሟ እናት ይህን ተነግሯቸው ትራንስፎርመር ገዝተዋል። ያልተነገራቸው ትራንስፎርመሩ የማይለውጠው ሌላ ነገር መኖሩ ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የእኛ 50 ጊዜ። በቤት ማሽኖች ውስጥ ያለው ንዝረተኛ ፓምፕ የሚመታው በዚሁ ቁጥር ልክ ስለሆነ፣ እዚህ ሲመጣ በሴኮንድ አሥር ምት ይጎድልበታል። ይህ ማሽኑን አያቆመውም፤ ትንሽ ያዘገየዋል እንጂ። ዱቄቱን በአንድ እርከን ማሻከር ይክሰዋል። ማሽኑ 1,500 ዋት የሚስብ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ከዚያ በላይ የሚሸከም መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ይግላል፤ ሊቃጠልም ይችላል። በምሽት፣ መንደሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ በሚለኩስበት ሰዓት ኃይል ሲወርድም ፓምፑ ይደክማል። ቡናው ጠዋት ደህና ወርዶ ማታ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ መስመሩ ይሁን።

ከፍታውን ምክንያት የሚያደርጉም አሉ። ዱከም ከባሕር ጠለል ከ1,900 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። በማሽኑ ውስጥ ግን ውሃው በግፊት ሥር ታፍኖ ስለሚገኝ ይህ ፍሰቱን አያዘገየውም።

ዱቄቱ ተስተካክሎ፣ ወንፊቱ ተከፍቶ፣ ቅርፊቱ ጸድቶ፣ መስመሩም ደህና ሆኖ ውሃው ያለ ቡና አሁንም ካልወረደ ያን ጊዜ የጠጋኝ ተራ ነው። ፓምፑ ድምፅ የሚያሰማ መሆን አለመሆኑን፣ የእንፋሎቱ ቧንቧ መሥራት አለመሥራቱንና በአንድ ደቂቃ ያለ ቡና የወረደው ውሃ ምን ያህል እንደሆነ ጽፎ መሄድ የጠጋኙን ሥራ ያቀልለታል፤ የባለቤቱንም ወጪ ይቀንሳል።

የዱከሟ እናት ማሽን በሲትሪክ አሲዱ ከታጠበ በኋላ እየሠራ ነው። በውሃ መያዣው ላይ የታጠበበት ቀን በወረቀት ተለጥፎበታል፤ የሚቀጥለው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ለወተቱ ስንት እንደሚከፍሉ ግን እስካሁን አልነገሩንም።